መልሱ ነገ የሚደርስበት ጨዋታ

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1978 ቺካጎ ከተማን ከባድ የበረዶ ማዕበል መታት። መንገዱ ተዘጋ፣ ሰውም ቤቱ ዋለ። የአይቢኤም ሠራተኛ የነበረው ዋርድ ክሪስተንሰን እጁን አጣጥፎ ከመቀመጥ ብሎ ለጓደኛው ለራንዲ ሱስ ደወለ። የኮምፒውተር ክበባቸው አባላት ከየቤታቸው በስልክ መስመር እየገቡ መልእክት የሚለጥፉበት ሰሌዳ ቢሠሩስ? ሱስ መሣሪያውን ገጣጠመ፣ ክሪስተንሰን ፕሮግራሙን ጻፈ። ፌብሩዋሪ 16 ቀን ሲቢቢኤስ የተባለው ሰሌዳ ሥራ ጀመረ።

የስልክ መስመሩ አንድ ብቻ ነበር። አንዱ ሲገባ ሌላው መስመሩ እስኪለቀቅ ይጠብቃል። ተራው የደረሰው ሰው ገብቶ የሌሎችን ያነባል፣ የራሱን ይጽፋል፣ ዘግቶ ይወጣል። መልስ ማግኘት አለማግኘቱን የሚያውቀው በማግስቱ ወይም በሠልስቱ ተመልሶ ሲደውል ነው። ጽሑፉ በስክሪን ላይ የሚወርደው በሰከንድ 30 ፊደል ያህል ስለነበር፣ አንባቢው ጸሐፊው አጠገብ ቁጭ ብሎ ሲጽፍ የሚያየው ይመስል ነበር።

ዛሬ ከትልልቆቹ መድረኮች ጫጫታ ሸሽቶ አርባ ሃምሳ ሰው ብቻ ወዳለበት ክፍል የሚገባ ሰው የሚናፍቀው ይህንን ነው፤ ቺካጎንም ሆነ በረዶውን ባያውቅም። ያኔ ግን ዝግታውን የመረጠው ማንም አልነበረም። ያመጣው የስልክ ክፍያና የመሣሪያው አቅም ነው።

ይህ ከሁሉ ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው በፊዶኔት ታሪክ ነው። በ1984 ሳን ፍራንሲስኮ ይኖር የነበረው ቶም ጄኒንግስ፣ ባልቲሞር ካለው ጓደኛው ከጆን ማዲል ጋር የሁለቱን ኮምፒውተሮች በስልክ አገናኘ። በአሜሪካ የርቀት ጥሪ ሌሊት ሌሊት ይረክስ ነበርና ኮምፒውተሮቹ ቀን የተጠራቀመውን መልእክት ይዘው በውድቅት እየተደዋወሉ ይለዋወጡታል። ለዚሁ ሥራ በየሌሊቱ አንድ ሰዓት ተመደበ። በዚያ ሰዓት ሰው መግባት አይችልም፤ መስመሩ ለማሽኖቹ ብቻ ይለቀቃል። የጣቢያዎቹ ዝርዝር በሰው እጅ ይያዝ ስለነበር በመጀመሪያዎቹ ወራት አንድ ቁጥር ተሳስቶ፣ ማሽኖቹ የአንዲት ምስኪን አሮጊትን ስልክ ሌሊት ሌሊት ያስጮሁ ነበር ይባላል። ያም ሆኖ ሥራው ሰፋ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ፊዶኔት በዓለም ዙሪያ ከ30 ሺህ በላይ ጣቢያዎች ነበሩት።

የፊዶኔት መተዳደሪያ ደንብ ገጹ ብዙ ቢሆንም፣ የጠባይ ሕጉ ተጨምቆ ሁለት ነገር ነው፦ ሰውን ከልክ በላይ አታስቆጣ፣ አንተም በቀላሉ አትቆጣ። ሁለተኛው ግማሽ ዛሬ ከየትኛውም ትልቅ መድረክ ደንብ ውስጥ ተፈልጎ አይገኝም። ለማክበር ግን ያኔ ይቀል ነበር። በንዴት የተጻፈ መልስ እስከ ሌሊቱ የፖስታ ሰዓት ድረስ ከጣቢያው አይወጣም፤ የተሰዳቢውም ምላሽ ቢፈጥን በማግስቱ ነው። እስከዚያ የተናደደው ሰው እራቱን በልቶ ተኝቶ ይነሣል።

አዲስ አበባም የዚህ መረብ አንዷ ጣቢያ ነበረች። በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ የተባለ የመረጃ ተቋም፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የፊዶኔትን ዘዴ እየተጠቀመ ኢሜይል ያደርስ ነበር። የተጠራቀመው መልእክት በዓለም አቀፍ የስልክ ጥሪ ለንደን ካለው ግሪንኔት ጋር ይለዋወጣል፣ ከዚያ ወደ ሌላው ዓለም ይበተናል። ተመራማሪዎች፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራንና የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞች ከውጭ ካሉ ባልደረቦቻቸው ጋር የተጻጻፉት በዚህ መንገድ ነው። የቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤቱ ኢንተርኔትን ለደንበኛ ማቅረብ የጀመረው ከዚያ በኋላ፣ በ1997 መጀመሪያ ነው።

ያ ዘመን ገነት አልነበረም። በሩ የተከፈተው ስልክ፣ ኮምፒውተርና እንግሊዝኛ ላለው ሰው ነው፤ በኢትዮጵያ ሦስቱን አሟልቶ የያዘ ሰው ደግሞ በጣት የሚቆጠር ነበር። የግዕዝ ፊደል ዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት መደብ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ስለዚህ በእነዚያ ጨዋ ክፍሎች ውስጥ አማርኛ ቢጻፍ እንኳ በላቲን ፊደል ተጠምዝዞ ነው። ጠብም አልጠፋም። ክርክር በረዘመ ቁጥር አንዱ ሌላውን ከሂትለር ጋር ማወዳደሩ አይቀርም የሚለውን ታዋቂ ቀልድ ማይክ ጎድዊን ያመጣው በ1990 ነው፤ ፌስቡክ ሊፈጠር አሥራ አራት ዓመት ሲቀረው ማለት ነው።

ልዩነቱ ጠቡ የት ድረስ ይሄዳል የሚለው ላይ ነው። በ1985 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተቋቋመው ዌል የተባለው ማኅበረሰብ አባላቱን በእውነተኛ ስማቸው ያውቃቸው ነበር፤ ብዙዎቹም የአንድ አካባቢ ሰዎች ስለነበሩ በአካል እየተገናኙ አብረው ይበላሉ። ሰኞ የሰደቡትን ሰው ዓርብ በማዕድ ላይ ያገኙታል። የእድር ዳኛ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ይህ ሁሉ የተናጋበት ጊዜ ስም ወጥቶለታል። በ1979 የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያሰቡት ዩዝኔት የተባለው የውይይት መረብ በየዓመቱ ሴፕቴምበር ላይ ይረበሽ ነበር። አዲስ ተማሪዎች ይገባሉ፣ ወጉን ሳያውቁ ይጽፋሉ፣ ነባሮቹ ይቆጧቸዋል፣ ያስተምሯቸዋል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሁሉም ይለምዳል። በ1993 እና በ1994 ግን እንደ ኤኦኤል ያሉ የንግድ ኩባንያዎች ለደንበኞቻቸው በሩን ከፈቱ። የእንግዳው ቁጥር ከአስተማሪው በለጠ። ነባሮቹ የ1993ቱን ሴፕቴምበር «ያላለቀው ሴፕቴምበር» አሉት። በስሙ ውስጥ ንቀት አለበት፤ አዲስ የገባው ሕዝብ የመግባት መብት ነበረው። ነገር ግን ማስተማር የሚቻለው አስተማሪው ተማሪውን በስም ሊያውቀው እስከቻለ ድረስ ነው፤ ያ ልክ ታለፈ።

ፍጥነቱ የሚያስከፍለውን ኢትዮጵያ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በኖቬምበር 2021 ከቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው በ2022 መጨረሻ ናይሮቢ ላይ በፌስቡክ ባለቤት በሜታ ላይ ክስ መሠረተ። የክሱ ፍሬ ነገር፣ ከግድያው በፊት የአባቱን ስምና ፎቶ የያዙ የጥላቻ ልጥፎች በፌስቡክ ሲሰራጩ ቤተሰቡ ቢያመለክትም በጊዜ አልተነሡም የሚል ነው። ኩባንያው የኬንያ ፍርድ ቤት ሥልጣን የለውም ብሎ ተከራከረ፤ በኤፕሪል 2025 ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ማየት እችላለሁ ሲል ወሰነ። ሐሰትና ጥላቻ በፊዶኔትም ሊጻፍ ይችል ነበር። ግን ጽሑፉ ሌሊቱን መጠበቅ ነበረበት፤ ቢደርስም የሚደርሰው ጥቂት ሰው ዘንድ ነው፤ የጣቢያው ባለቤትም በማግስቱ ጠዋት ሊያነበውና ሊያነሣው ይችላል።

ኩባንያዎቹም ይህን ያውቁታል። ሕንድ ውስጥ በዋትስአፕ የተሰራጨ ወሬ ያነሣሣቸው ሰዎች በደቦ ሰው ሲገድሉ፣ ዋትስአፕ በ2018 በዚያች አገር አንድ መልእክት በአንድ ጊዜ ከአምስት ቦታ በላይ እንዳይተላለፍ ከለከለ፤ በኋላ ሕጉን ለዓለም ሁሉ አደረገው። በኤፕሪል 2020 ደግሞ ብዙ ጊዜ የተዘዋወረ መልእክት በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ቦታ ብቻ እንዲላክ ወሰነ፤ በሳምንታት ውስጥ የዚህ ዓይነቱ መልእክት ዝውውር በ70 በመቶ ቀነሰ ብሏል። መልእክቱን አልከለከለም፤ ላኪው ለየአንዱ ሰው ጣቱን እንዲያንቀሳቅስ አስገደደው እንጂ። ለዚያች ትንሽ ድካም ስንቱ ወሬ ዋጋ እንዳልነበረው ቁጥሩ ይናገራል።

ቴሌግራምም በ2019 ለግሩፖች የዝግታ ስልት ጨመረ። አንድ አባል ከጻፈ በኋላ እንደገና ለመጻፍ እስከ አንድ ሰዓት እንዲጠብቅ ማድረግ ይቻላል። አንድ ሰዓት ሲሞላበት ግሩፑ ይለወጣል፤ ሰው ሦስት ቃል በሦስት መልእክት መበታተኑን ትቶ ሐሳቡን ይሰበስባል፣ የሌላውን አንብቦ ይጨርሳል። ይህን ስልት የሚጠቀም ግሩፕ ግን ብዙ አይታይም፤ ባለቤቶቹ ጸጥታን እንደ ሞት ይቆጥሩታል። ካበሩትም በኋላ ገደቡ አስተዳዳሪዎችን አይመለከትም።