የመልካም ስም ወራሽ፤ ስለ «ማስ ኢፌክት» ጨዋታ አጭር ታሪክ

ታሪክ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነትና ስለ መንግሥታት ውል ነው። ዳሩ ግን የሰው ልጅ በእጁ የሠራው ነገር ሁሉ የተጀመረበት ቀን፣ ያደገበት ዘመንና የደከመበት ምክንያት ስላለው የራሱ ታሪክ አለው። የቪዲዮ ጨዋታም እንደዚሁ ነው። ወላጆቻችንና መምህሮቻችን «ጨዋታ ጊዜ ይበላል» እያሉ ሲገሥጹን እውነት አላቸው። ነገር ግን ብዙ ሰዎች አምስት ዓመት ሙሉ የደከሙበት ሥራ ውጤቱ ሳያምር ሲቀር፣ ምክንያቱን መመርመር ጊዜ ማባከን አይመስለኝም። ስለዚህ «ማስ ኢፌክት» ስለሚባለው የሳይንስ ልብ ወለድ ጨዋታ፣ በተለይም በ2017 ስለ ወጣው ስለ አራተኛው ክፍል፣ ስለ «አንድሮሜዳ» ጥቂት ለመጻፍ ተነሣሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ለመጀመር ያህል፣ በ1995 በካናዳ አገር ኤድመንተን በምትባለው ከተማ ሦስት ሐኪሞች ተባብረው «ባዮዌር» የተባለ ኩባንያ አቋቋሙ። ስማቸውም ሬይ ሙዚካ፣ ግሬግ ዜስቹክና ኦገስቲን ዪፕ ይባላል። ሕክምና ተምረው ወደ ጨዋታ ሥራ መግባታቸው የሚያስገርም ነው። ይሁን እንጂ በ1998 «ባልደርስ ጌት» የተባለውን፣ በ2003 ደግሞ በ«ስታር ዋርስ» ዓለም ላይ የተመሠረተውን ጨዋታ ባወጡ ጊዜ ስማቸው በብዙ አገር ተሰማ። የእነዚህ ጨዋታዎች ልዩ ጠባይ ይህ ነው፤ ተጫዋቹ ጠላቱን ከመምታት በቀር ሌላ ሥራ የሌለው ተኳሽ አይደለም። ከሰው ጋር ይነጋገራል፣ ይማከራል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል፤ አብረውት ከሚጓዙት ጓደኞቹ ጋርም ወዳጅነት ያበጃል።

በ2007 መጨረሻ የመጀመሪያው «ማስ ኢፌክት» ወጣ። ታሪኩ የሚፈጸመው ገና ባልመጣ ዘመን፣ በ2183 ነው። የሰው ልጅ በማርስ ላይ የጥንት ሥልጣኔ ፍርስራሽ አግኝቶ፣ ከዚያም ባገኘው ዕውቀት ከኮከብ ወደ ኮከብ መጓዝን ተምሯል። በጉዞውም ከእርሱ ቀድመው የሠለጠኑ ሌሎች ሕዝቦችን አግኝቷል። ተጫዋቹ ሼፐርድ የተባለውን መኰንን ሆኖ «ኖርማንዲ» የተባለችውን መርከብ ያዛል። ጠላቶቹም በየ50,000 ዓመቱ እየመጡ የሠለጠኑትን ሕዝቦች ሁሉ የሚያጠፉ ጥንታውያን መኪናዎች ናቸው።

እንዲህ ያለ ታሪክ በመጽሐፍም በሲኒማም ይገኛል። ጨዋታውን ከሌሎች የለየው ግን አንድ ብልሃት ነበር። ተጫዋቹ በመጀመሪያው ክፍል የወሰነው ውሳኔ ተመዝግቦ ወደ ሁለተኛውና ወደ ሦስተኛው ክፍል ይተላለፋል። ለምሳሌ ያህል ሬክስ የሚባለውን አዛውንት ተዋጊ እንመልከት። ክሮጋን የሚባለው የሬክስ ወገን፣ ጠላቶቹ በዘሩ ላይ ባሠራጩት ደዌ ምክንያት አብዛኛው ልጁ ሞቶ የሚወለድ ሕዝብ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ሼፐርድ የዚህ ደዌ መድኃኒት ተገኝቶበታል የተባለውን ሥፍራ እንዲያፈርስ ይታዘዛል። ሬክስ ይህን ሲሰማ መሣሪያውን ያነሣል። ተጫዋቹ በንግግር ወይም ቀድሞ በዋለለት ውለታ ካላበረደው በቀር፣ ሬክስ እዚያው በወዳጆቹ እጅ ይሞታል። በ2012 በወጣው በሦስተኛው ክፍል ክሮጋኖችን የሚመራው ያ በሕይወት የተረፈው ሬክስ ነው። ሬክስ የሞተበት ተጫዋች ግን በወንበሩ ላይ ሌላ ቂመኛ መሪ ተቀምጦ ያገኛል።

ታላቅ ወንድሜ ሬክስን ካጡት ተጫዋቾች አንዱ ነው። ሦስተኛው ክፍል ላይ ደርሶ ያንን ቂመኛ መሪ ባየ ጊዜ መጫወቻውን አስቀምጦ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። «ይህ ሁሉ የመጣው በእኔ ነው» አለኝ። እኔም ያን ጊዜ ጨዋታ ሰውን ስለ ሥራው እንዲጠየቅ ሊያደርገው እንደሚችል ተረዳሁ።

ሁለተኛው ክፍል በ2010 ሲወጣ ከመጀመሪያው የበለጠ ተወደደ። የጋዜጠኞችን ፍርድ እየሰበሰበ ከ100 ነጥብ የሚሰጠው «ሜታክሪቲክ» የተባለው ድርጅት 96 ነጥብ መዘገበለት። በዚያ ክፍል መጨረሻ ላይ ተጫዋቹ ጓደኞቹን ይዞ ሞት ወደሚያሰጋበት ዘመቻ ይሄዳል። መርከቡን አስቀድሞ ያላሳደሰና የጓደኞቹን ችግር ያልሰማ አዛዥ ሰዎቹን አንድ በአንድ ያጣል። ሦስተኛው ክፍል ደግሞ በ2012 ወጥቶ የሼፐርድን ታሪክ ዘጋ። አዘጋጉ ግን ብዙዎችን አሳዘነ፤ ሦስት ጨዋታ ሙሉ የተከማቸው ውሳኔ ሁሉ በመጨረሻ በጣም ወደሚመሳሰሉ ሦስት ምርጫዎች ተጠቃሎ ነበርና ነው። ከተጫዋቾቹ ከፊሉ ቅሬታቸውን በስድብ ሳይሆን በበጎ ሥራ ለመግለጥ አስበው፣ በሆስፒታል ለተኙ ሕፃናት መጫወቻ ለሚያቀርብ ማኅበር ከ80,000 ዶላር በላይ አዋጡ። ኩባንያውም በዚያው ዓመት በሰኔ ወር መጨረሻውን የሚያብራራ ተጨማሪ ክፍል ያለ ዋጋ ሰጠ። ይህ ቅሬታ የፍቅር ምልክት ነበር፤ የማይወዱትን ነገር እንዲታረም የሚለምን የለምና።

ከዚህ በኋላ አራተኛው ክፍል አምስት ዓመት ተጠበቀ። በ2017 በመጋቢት ወር ሲወጣም ስሙ «አንድሮሜዳ» ሆነ። ይህ ስም ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ሊሆን አይገባም። በጥንት ግሪኮች ተረት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስና የንግሥቲቱ የካሲዮፔያ ልጅ ናት። ግሪኮች ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ማለታቸው ነበር። የልዕልቲቱ ስም ለከዋክብት ምድብ ተሰጠ፤ ከዚያም በዚያው አቅጣጫ ለሚታየው ከምድራችን 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ለሚርቀው ጋላክሲ ስም ሆነ። በጨዋታው ውስጥ ከየሕዝቡ 20,000 ያህል ተጓዦችን የያዙ ታላላቅ መርከቦች በ2185 ተነሥተው፣ ተጓዦቹ ከ600 ዓመት በላይ ተኝተው ወደዚህ ጋላክሲ ይደርሳሉ። የደረሱበት ምድር ግን ተስፋ እንዳደረጉት ሆኖ አይጠብቃቸውም። ተጫዋቹ ራይደር የተባለውን ወጣት ወይም እኅቱን ሆኖ፣ በሞተው አባቱ ፈንታ ለሕዝቡ የሚኖርበትን ሥፍራ ይፈልጋል።

ሐሳቡ መልካም ነበር። እኔና ወንድሜም በታላቅ ጉጉት ጀመርነው። ነገር ግን ብዙ ሰዓት ከተጫወትን በኋላ ያ የሬክስ ዝምታ አልመጣም። ተጓዦቹ የተነሡት ከሦስተኛው ክፍል ታሪክ በፊት ስለሆነ፣ ቀድሞ የወሰንነው ሁሉ ከዚህ ጋር አይገናኝም። ይህስ ይሁን፤ አዲስ ዘር የዘራ አሮጌውን አዝመራ አይጠብቅም። የጐደለው ሌላ ነው። በአዲሱ ጋላክሲ ውስጥ በብዛት የምናገኛቸው አዳዲስ ሕዝቦች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንደኛውም የምንዋጋው ጠላት ነው። ከተሰጡን ሥራዎች ብዙዎቹ ወደ አንድ ሥፍራ ሄዶ ሦስት ዕቃ ፈልጎ መመለስ ሆኑ። በተለይም መጀመሪያ በወጣበት ወራት የሰዎቹ ፊት ከቃላቸው ጋር አይሄድም ነበር፤ ስለ ሞተ ሰው ሲናገሩ ዓይናቸው ሌላ ነገር የሚያይ ይመስላል። ተጫዋቾች የእነዚህን ፊቶች ሥዕል እየተቀባበሉ ሣቁባቸው። በ«ሜታክሪቲክ» ዘንድም በኮምፒዩተር የሚጫወቱት ዓይነት ያገኘው 72 ነጥብ ነበር።

ታዲያ እንዲህ ያለ ስም ያለው ኩባንያ እንዴት ወደዚህ ደረሰ? ጄሰን ሽራየር የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ በ2017 በሰኔ ወር ከሠራተኞቹ ብዙዎቹን ጠይቆ ያሳተመው ጽሑፍ መልሱን ያስረዳል። ጨዋታውን እንዲሠራ የተመደበው የኤድመንተኑ ዋና ቡድን ሳይሆን በሞንትሪያል ከተማ ያለው ቅርንጫፍ ነበር። የመጀመሪያው ዕቅድ ኮምፒዩተር በስሌት የሚፈጥራቸው በብዙ መቶ የሚቈጠሩ ፕላኔቶች እንዲኖሩ ነበር። ቡድኑ ይህን ለማሳካት ዓመታት ደከመ፤ ሐሳቡ ግን ከታሪክ ነገራ ጋር አልስማማ አለ። ሰፊ ዓለም በስሌት ሊፈጠር ይችላል፤ ሰውን የሚያሳዝን ንግግርና ውሳኔ ግን አንድ በአንድ በሰው እጅ መጻፍ አለበት። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም እንደሚባለው፣ በመጨረሻ የመጀመሪያው ዕቅድ ተትቶ የፕላኔቶቹ ቍጥር ወደ ጥቂት ወረደ።

ሌላው ችግር የመሣሪያ ነበር። ሦስቱ የቀደሙት ክፍሎች የተሠሩት «አንሪል» በተባለው የጨዋታ መሥሪያ ፕሮግራም ነው። ለአራተኛው ግን «ፍሮስትባይት» የተባለው ተመረጠ። ይህ ፕሮግራም በስዊድን አገር ለተኩስ ጨዋታ የተዘጋጀ ስለሆነ፣ መልክዓ ምድርን አሳምሮ ቢያሳይም፣ ለንግግርና ለታሪክ ጨዋታ የሚያስፈልገው ብዙ ነገር አልነበረውም። ሠራተኞቹ ቤቱን ከመሥራታቸው በፊት መዶሻውንና መጋዙን መሥራት ነበረባቸው ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜው አለቀና፣ የጨዋታው አብዛኛው ክፍል የተሠራው ከ18 ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሆነ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የሰዎቹ ፊት የተበላሸውም ሠራተኞቹ ሰነፎች ሆነው አይደለም፤ ቀድሞ ሊሠራ የሚገባው ሥራ መጨረሻ ላይ በችኮላ ስለ ተሠራ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያሳዝናል። ኩባንያው በሚያዝያ ወር የፊቶቹን ጉድለት የሚያርም ማሻሻያ አወጣ፤ ብዙ ነገርም ተስተካከለ። በነሐሴ ወር 2017 ግን ታሪኩን የሚቀጥል ተጨማሪ ክፍል እንደማይኖር አስታወቀ። የሞንትሪያሉም ቅርንጫፍ በዚያው ከተማ ካለ ሌላ ስቱዲዮ ጋር ተቀላቀለ። በጨዋታው መጨረሻ ላይ ዘግይታ የተነሣች አንዲት መርከብ የላከችው መልእክት ይሰማል፤ ውስጧም ክዋሪያን የሚባሉት፣ አገራቸውን አጥተው በመርከብ የሚንከራተቱት ሕዝቦች አሉ። መልእክቱም «አትቅረቡን» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። ተጫዋቹ ምን እንዳገኛቸው በጨዋታው ውስጥ ፈጽሞ አያውቅም። የእነርሱ ነገር የተተረከው በ2018 በታተመ ልብ ወለድ መጽሐፍ ብቻ ነው። በ2021 ሦስቱ የመጀመሪያ ክፍሎች ታድሰው በአንድነት እንደ ገና ሲወጡ፣ አራተኛው ከእነርሱ ጋር አልተቈጠረም።

ይሁን እንጂ ፍርድ በሁለት ወገን መታየት አለበት። በ«አንድሮሜዳ» ውስጥ ያለው ውጊያ ከቀደሙት ሦስቱ ሁሉ የቀለጠፈ ነው፤ ተጫዋቹ በጀርባው በያዘው መሣሪያ ወደ አየር እየዘለለ መዋጋቱ ደስ ያሰኛል። 1,400 ዓመት ያህል የኖረው አዛውንቱ ድራክም ከሬክስ ጎን ሊቀመጥ የሚገባው ሰው ነው። ጨዋታው ሌላ ስም ቢኖረው ኖሮ ብዙዎች መካከለኛ ብለው ባለፉት ነበር። ያስፈረደበት የገዛ ጉድለቱ ብቻ አይደለም፤ የወረሰው ስም ጭምር ነው። እኛም ስንጫወተው ከፊታችን ያለውን ሳይሆን በልባችን ያለውን ስንፈልግ እንደ ነበር አልክድም።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ይህ ነው። የቀድሞዎቹ ክፍሎች የተወደዱት ሰፊ ስለ ነበሩ ሳይሆን፣ በአንድ ሰው ላይ የተደረገውን ነገር ሳይረሱ ስለ ጠበቁ ነው። ወራሾቹ ግን ስፋቱን አስቀድመው ዋናውን ነገር ለመጨረሻ ጊዜ ተዉት። ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት፣ እኛም ከቀደሙን ተማሪዎችና መምህራን የተቀበልነው ስም እንዳለን ማሰብ ይገባናል። ስም ይወረሳል፤ ሥራ ግን አይወረስም፤ በየትውልዱ እንደ ገና መሠራት አለበት። ቀድሞ የሚሠራው የቱ እንደሆነ ማወቅ ደግሞ የወራሽ የመጀመሪያ ተግባሩ ነው። ወንድሜ በቅርቡ የመጀመሪያውን ክፍል እንደ ገና ጀምሯል። በዚህ ጊዜ ሬክስን አድኖታል።