ባሕሩን ማን ለካው? የቆዩ የውቅያኖስ መዛግብትና የካርቦን ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ መነሻ ቀላል የሚመስል ጥያቄ ነው። ውቅያኖስ ባለፉት አንድ መቶ ኀምሳ ዓመታት ምን ያህል ተለውጧል? የከባቢ አየርን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በተመለከተ ቻርልስ ኪሊንግ በ1958 በሃዋይ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ የጀመረው ተከታታይ ልኬት አለን፤ ከዚያ በፊት ላለው ዘመን ደግሞ በዋልታ በረዶ ውስጥ ታሽጎ የቆየ የጥንት አየር ይመሰክራል። ባሕሩ ግን እንዲህ ያለ አንድ ወጥ መዝገብ የለውም። በእጃችን ያለው ሌሎች ሰዎች፣ ለሌላ ዓላማ፣ በሌላ መሣሪያ የጻፉት ነው። እንደ ታሪክ ተማሪ የምከራከረውም ይህን ነው፦ የቆየ ልኬት ዛሬ የሚጠቅመው ቁጥሩ ስለተጻፈ ብቻ ሳይሆን፣ እንዴት እንደተለካ አብሮ ስለተጻፈና ናሙናው ስለተጠበቀ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

ታሪኩን ከቻሌንጀር ልጀምር። ይህች የእንግሊዝ የጦር መርከብ አብዛኞቹ መድፎቿ ተነሥተው በምትካቸው ቤተ ሙከራ ተሠራላትና በዲሴምበር 1872 ጉዞ ጀመረች። በሜይ 1876 እስክትመለስ ድረስ አትላንቲክን፣ የደቡቡን ባሕርና ፓስፊክን አቋረጠች። የሳይንስ ቡድኑ መሪ ዋይቪል ቶምሰን በጥልቁ ባሕር ሕይወት መኖር አለመኖሩን፣ የውሃውንም ጠባይ ለማወቅ ይሻ ነበር። ውጤቱ እስከ 1895 ድረስ በ50 ቅጾች ታትሟል። ጉዞው የታቀደው በባሕሩ ያለውን ለማወቅ እንጂ የባሕሩን ለውጥ ለመለካት አልነበረም።

ሆኖም በ2012 ዲን ሮሚክና ባልደረቦቹ የቻሌንጀርን የሙቀት ልኬቶች፣ አርጎ በሚባሉት በራሳቸው እየጠለቁ በሚለኩ ተንሳፋፊ መሣሪያዎች ከተገኙት ልኬቶች ጋር አነጻጸሩ። ባሕሩ በገጹ ላይ በአማካይ 0.59፣ በ366 ሜትር ጥልቀት ደግሞ 0.39 ዲግሪ ሴልሺየስ ሞቆ ተገኘ። ይህ ንጽጽር የተቻለው የጉዞው ሰዎች ምን ዓይነት ሙቀት መለኪያ እንዳወረዱና ምን ያህል ገመድ እንደለቀቁ መዝግበው ስለተዉልን ነው። የፊዚክስ ሊቁ ፒተር ጉትሪ ቴትም የጥልቁ ውሃ ግፊት መለኪያዎቹን ምን ያህል እንደሚያሳስት በሙከራ መርምሯል። ስሕተቱ ስለታወቀ ሊታረም ቻለ።

አንድ ስሕተት ግን እስከ መጨረሻው አይታረምም። የባሕር ፍሰት ገመዱን ወደ ጎን ሲገፋው የተለቀቀው ገመድ ርዝመት ከእውነተኛው ጥልቀት ይበልጣል። መለኪያው የተጻፈውን ያህል አልጠለቀም ማለት ነው፤ ስለዚህ የተነበበው ከተጻፈው ጥልቀት ከፍ ብሎ ያለውን፣ የሞቀውን ውሃ ነው። ያለፈው ባሕር ከነበረው የሞቀ መስሎ ከተመዘገበ፣ በንጽጽሩ የተገኘው የሙቀት ጭማሪ ከእውነተኛው ያነሰ እንጂ የተጋነነ አይሆንም። የታሪክ ሰው ምስክሩ ወደ የት እንደሚያደላ ካወቀ ምስክርነቱን ሳይጥል ሊጠቀምበት ይችላል፤ ሙቀት መለኪያም እንደዚሁ ነው።

የምስክሩ አድልዎ ሳይታወቅ ሲቀር የሚደርሰውን ደግሞ የንግድና የጦር መርከቦች መዛግብት ያሳዩናል። በ1853 በማቲው ሞሪ አነሣሽነት በብራስልስ የተሰበሰቡ የልዩ ልዩ አገሮች ተወካዮች፣ መርከቦች የአየሩንና የባሕሩን ሁኔታ በተመሳሳይ ቅጽ እንዲመዘግቡ ተስማሙ። መርከበኞች ለብዙ ዘመን የባሕሩን ውሃ በባልዲ ቀድተው ይለኩ ነበር፤ በሸራ ባልዲ የተቀዳ ውሃ ግን እየተነነ ይቀዘቅዛል። በኋላ ብዙ መርከቦች ሞተር ለማቀዝቀዝ የሚገባውን ውሃ መለካት ጀመሩ፤ ይህ ስልት ደግሞ ወደ ሙቀት ያደላል። በመዛግብቱ ውስጥ የዓለም ባሕር ሙቀት በ1945 መጨረሻ በድንገት 0.3 ዲግሪ ያህል የወረደ ይመስላል። በ2008 ዴቪድ ቶምፕሰንና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ ጦርነቱ ሲያበቃ በሞተር መግቢያ የሚለኩት የአሜሪካ መርከቦች መዛግብት ድርሻ ቀንሶ፣ በባልዲ የሚለኩት የእንግሊዝ መርከቦች ድርሻ ከፍ ብሎ ነበር። የተለወጠው ባሕሩ ሳይሆን ለኪው ነበር።

ወደ ካርቦን ስንመጣ ችግሩ ይከብዳል። የቻሌንጀር ኬሚስት ጆን ቡካናን በጊዜው አጠራር ካርቦኒክ አሲድ የሚባለውን በመርከቡ ላይ ለክቷል፤ ዊልያም ዲትማርም 77 የውሃ ናሙናዎችን መርምሮ ውጤቱን በ1884 አሳትሟል። ነገር ግን ሰው የጨመረው ካርቦን በባሕሩ ውስጥ ካለው ጠቅላላ ካርቦን ጥቂት በመቶ ብቻ ስለሆነ፣ የዚያ ዘመን ስልት ይህን ያህል ረቂቅ ልዩነት ለመያዝ አይበቃም። የፒኤች መለኪያ ሐሳብ ራሱ በሶረንሰን የቀረበው በ1909 ነው። ለንጽጽር የሚበቃ ልኬት እየተጠናከረ የመጣው ጂኦሴክስ ከተባለው የ1970ዎቹ ዓለም አቀፍ ጥናት ወዲህ ነው። ተከታታይ የካርቦን ልኬት በቤርሙዳ አጠገብ በ1983፣ በሃዋይ አጠገብ በ1988 ተጀመረ። ከዚያም አንድሩ ዲክሰን ይዘቱ በጥንቃቄ የታወቀ የማመሳከሪያ የባሕር ውሃ በጠርሙስ አዘጋጅቶ ለቤተ ሙከራዎች ማዳረስ ጀመረ። የተለያዩ አገሮች ልኬቶች በአንድ ሚዛን ሊመዘኑ የቻሉት በዚህ ነው።

ፍሬውም ትልቅ ሆነ። ክሪስቶፈር ሳቢንና ባልደረቦቹ በ2004 እንዳሰሉት፣ ውቅያኖስ ከ1800 እስከ 1994 ድረስ 118 ቢሊዮን ቶን ያህል ሰው ሠራሽ ካርቦን ውጧል፤ የግምቱ ስሕተት ወደ ላይም ወደ ታችም 19 ቢሊዮን ነው። ኒኮላስ ግሩበርና ባልደረቦቹ በ2019 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ ከ1994 እስከ 2007 ባሉት ዓመታት ብቻ 34 ቢሊዮን ቶን ያህል ተጨምሯል። ይህ ውለታ ዋጋ አለው። የባሕሩ ገጽ ፒኤች ከኢንዱስትሪ ዘመን መጀመሪያ ወዲህ በ0.1 ያህል ወርዷል፤ ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም የሃይድሮጂን አዮኖች መጠን በሩብ ያህል ጨምሯል ማለት ነው።

ቁጥር በሌለበት ዘመን ግን ናሙና ይናገራል። ፎራሚኒፌራ የሚባሉት ደቃቅ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት ቅርፊታቸውን ከካልሲየም ካርቦኔት ይሠራሉ። በ2020 ሊንዚ ፎክስና ባልደረቦቿ በለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር የተቀመጡትን የቻሌንጀር ናሙናዎች፣ ታራ የተባለችው መርከብ በዘመናችን ከፓስፊክ ከሰበሰበቻቸው ጋር በራጅ ሲያነጻጽሩ፣ የዛሬዎቹ ቅርፊቶች እስከ 76 በመቶ የሳሱ ሆነው አገኟቸው። ናሙናዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ሙቀትና ኦክስጅንም የየራሳቸው ድርሻ ሊኖራቸው ስለሚችል ሁሉንም በአሲዳማነት ላይ መጫን ጥንቃቄ ማጓደል ይሆናል። ያም ሆኖ ብልቃጡ ባይጠበቅ ኖሮ ጥያቄው ራሱ ሊነሣ ባልቻለ ነበር።

ሌላው ምስክር የአሊስተር ሃርዲ መሣሪያ ነው። ከ1931 ጀምሮ የንግድ መርከቦች በሰሜን ባሕር፣ ኋላም በሰሜን አትላንቲክ እየጎተቱት፣ ውስጡ ቀስ እያለ የሚጠቀለል የሐር ጨርቅ ፕላንክተኑን ያጣራል። የሃርዲ ሐሳብ የዓሣ ሀብትን ለመረዳት ነበር። ስልቱ ሆን ተብሎ ብዙም ሳይለወጥ ስለቆየ፣ በ2002 ግሬጎሪ ቦግራንና ባልደረቦቹ ሙቅ ውሃ የሚወዱ ኮፔፖዶች በሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ በአርባ ዓመታት ውስጥ ከ10 ዲግሪ ኬክሮስ በላይ ወደ ሰሜን መዝለቃቸውን ሊያሳዩ ቻሉ። በ2004 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ አሮጌ ሐር ሲመረምሩ፣ ከ1960ዎቹ ወዲህ ደቃቅ ፕላስቲክ እየበዛ መምጣቱን አገኙ። ሃርዲ ሥራውን ሲጀምር ይህ ጥያቄ አልነበረም፤ ሐሩ ግን መልሱን ይዞ ቆየ።

ባሕር በር ለሌላት አገር ተማሪዎች ይህ ምን ይጠቅማል የምትሉ ትኖራላችሁ። ክረምታችን በሩቅ ውቅያኖሶች ሙቀት ይገዛል፤ ፓስፊክ በኤልኒኞ ሲሞቅ የክረምቱ ዝናብ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። አባቶቻችን ክፉ ቀን ያሉት ረኀብ የጀመረው በ1888 ነው፤ የከብት ዕልቂቱ በዝናብ መጥፋት ላይ ተደረበ። ያ ዓመት የኤልኒኞ ዓመት እንደነበረ የምናውቀው ከቆዩ መዛግብት ነው። በፓስፊክ ላይ ባልዲውን ያወረደው መርከበኛ ስለ ኢትዮጵያ ገበሬ አያውቅም ነበር፤ ዛሬ ግን የሁለቱን ታሪክ አንድ ላይ ማንበብ እንችላለን።

እንግዲህ ለእናንተ ለተማሪዎች የምተወው አደራ አጭር ነው። የሐይቅ ውሃ ስትለኩም ሆነ የዝናብ መጠን ስትመዘግቡ፣ ቁጥሩን ብቻ አትጻፉ። በምን መሣሪያ፣ በስንት ሰዓት፣ በማን እጅ፣ መሣሪያውስ መቼ እንደተለወጠ ጻፉ፤ ናሙናውንም ከነምልክቱ አስቀምጡ። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣው ተመራማሪ ምን እንደሚጠይቃችሁ አታውቁም። መልስ ማግኘቱ ግን ዛሬ በምትጽፉት ላይ ያርፋል።