ሙንዚንገር ፓሻ፤ አገር የማወቅና አገር የመግዛት ነገር

ከጅቡቲ ከተማ ጠረፍ ቁሞ ባሕረ ሰላጤውን ወደ ሰሜን አሻግሮ ለሚመለከት ሰው የታጁራ ተራሮች ይታዩታል። የጅቡቲ ከተማ የተቈረቈረችው በ1888 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ከዚያ 13 ዓመት በፊት ከታጁራ ወደብ አንድ የግብፅ ጦር ተነሥቶ ወደ አውሳ ገሥግሦ ነበረ። አዛዡ ግን ግብፃዊ አልነበረም፤ የስዊስ ተወላጅ ቨርነር ሙንዚንገር ፓሻ ነበረ።

የጠረፍን አገር በባዕድ ተወላጅ መኰንን ማስገዛት አዲስ ነገር አይደለም። ከሙንዚንገር አንድ መቶ ዓመት በፊት፣ የአየርላንድ ተወላጅ የነበረው ሁጎ ኦኮነር፣ ለኢስፓኝ ንጉሥ አድሮ፣ ዛሬ የሜክሲኮና የአሜሪካ ወሰን በሚገናኙበት አገር የነበረውን ጠረፍ ከ1771 ጀምሮ በአዛዥነት ጠብቋል፤ በ1775 የቱሳን ምሽግ የሚሠራበትን ስፍራ የመረጠም እርሱ ነው። በአገሬው ዘንድ ዘመድ የሌለው ሹም፣ ሥልጣኑ ሁሉ ከሾመው ንጉሥ የመጣ ስለ ሆነ፣ ለመታመን ይመቻል።

ሙንዚንገር ግን በአገሩ ላይ ዘመድም ዕውቀትም ነበረው። በ1832 በኦልተን ከተማ ተወልዶ፣ በበርን፣ በሙኒክና በፓሪስ የተፈጥሮ ሳይንስን፣ የምሥራቅ ቋንቋዎችንና ታሪክን ተምሮ፣ በከረን ለብዙ ዓመታት ተቀመጠ፤ ከቦጎስ ሰዎች ወገን አገባ። የቦጎስን ልማድና ሕግ ከሽማግሌዎች ጠይቆ በ1859 በመጽሐፍ አሳተመ፤ የትግረ ቋንቋንም ቃላት ሰበሰበ። ይህ ሁሉ የሊቅ ሥራ ነው።

ዕውቀቱ ግን ብዙ ጌቶችን አገለገለ። በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ የዘመተውን የእንግሊዝ ጦር በመንገድ መሪነት ረዳ፤ በምጽዋ የፈረንሳይ ቆንሲል ሆነ፤ በ1871 ደግሞ የግብፁ ገዥ ከዲቭ እስማኤል የምጽዋ ገዥ አድርጎ ሾመው። በማግሥቱ ዓመት፣ ዐፄ ዮሐንስ ርቀው ወደ ደቡብ በዘመቱበት ወራት፣ ሙንዚንገር ከረንን ያዘ። ሕጋቸውን ጽፎ ያከበረላቸውን ሰዎች በባዕድ መንግሥት ሥር አደረጋቸው። ንጉሠ ነገሥቱ በእንግሊዛዊው በጆን ኪርክሃም እጅ ለአውሮፓ ነገሥታት አቤቱታ ቢልኩም የሚረዳቸው አልተገኘም።

በ1875 ከዲቩ በሦስት አቅጣጫ ጦር ላከ። ራውፍ ፓሻ ሐረርን ያዘ፤ የዴንማርክ ተወላጅ አሬንድሩፕ በሐማሴን በኩል ገባ፤ ሙንዚንገርም በአውሳ አልፎ ወደ ሸዋ የሚወስደውን መንገድ እንዲከፍት ከታጁራ ተነሣ። ኅዳር 5 ቀን 1868 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር፣ የአውሳው ሱልጣን የመሐመድ ሐንፈሬ የአፋር ሠራዊት በሌሊት ወደቀበት፤ እርሱም ባለቤቱም በዚያ ሞቱ። ከሁለት ቀን በኋላ አሬንድሩፕ በጉንደት ከነሠራዊቱ ጠፋ። በ1884 በዐድዋ በተፈረመው ውል ቦጎስ ወደ ኢትዮጵያ እንዲመለስ ተወሰነ።

ስለዚህ ሰው የሚያስተምር መምህር ሁለት ስሕተት ያገኘዋል። አንዱ፣ መጽሐፉን አመስግኖ ጦሩን መርሳት ነው። ሁለተኛው፣ ጦሩን አስቦ መጽሐፉን መጣል ነው። መጽሐፉ ዛሬም ለታሪክ ጸሐፊ ይጠቅማል፤ የጻፈውን ሰው ሹመት ግን ከመጽሐፉ ለይቶ ማንበብ አይገባም።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። አያቶቻችን የተዳኙበት ሕግ በመጽሐፍ የተገኘው፣ ኋላ አገሩን ሊይዝ በመጣ ሰው እጅ ነው። በከረንም ሆነ በታጁራ፣ በድሬዳዋም ሆነ በጅቡቲ የሚያስተምር መምህር ተማሪዎቹን ወደ ሽማግሌዎች ልኮ የሰሙትን ቢያስጽፍ፣ ሙንዚንገር የሠራውን የሊቅ ሥራ ይሠራል፤ ዕውቀቱም የሚቀረው ለተገኘበት ሕዝብ ይሆናል።