እበቱ ወዴት ይሂድ? የአርሲ ምድጃና ማሳ ታሪክ

የአርሲ ታሪክ ሲወራ ስንዴው፣ ገብሱ፣ ፈረሱና ትራክተሩ ይነሳሉ። እበት ግን አይነሳም። ጎህ ሳይቀድ በረት ገብታ የምታነሳው፣ ከጭድ ጋር ለውሳ ጠፍጥፋ በፀሐይ የምታደርቀው፣ ከዝናብ የምትሸሽገው ሴት ናትና ከሥራ የሚቆጥረው ሰው ጥቂት ነው። እኛ ግን የአካባቢያችንን የማገዶ ታሪክ ከዚህ ብንጀምር ይሻላል ብለናል። እበቱ ወዴት እንደሚሄድ በተወሰነ ቁጥር የማሳው ምርት፣ የሴቲቱ ጊዜና የቤቱ ጭስም አብረው ይወሰናሉ።

ዛሬ በየስብሰባው «የዑደት ኢኮኖሚ» የሚባል ነገር እንሰማለን። ነገሩ ሲፈታ ከአንዱ ሥራ የተረፈው ለሌላው ሥራ ግብዓት ይሁን፣ የሚጣል አይኑር ማለት ነው። ለእናቶቻችን ይህ አዲስ አይደለም። ጠላ የጠመቀች ሴት አተላውን ለላሟ ታጠጣለች፤ ላሟ ወተትና እበት ትሰጣለች፤ እበቱ ጓሮ ገብቶ ጎመኑን ያፋፋል። በከተማችን ያለው የብቅል ፋብሪካ ተረፈ ምርትም ለከብት መኖ ይሆናል። ዑደቱ አለ፤ ጥያቄው የት ላይ ተበጠሰ የሚለው ነው።

የአርሲ ሕዝብ ከእርሻ በፊት በከብቱ የታወቀ ነው። ከብት ያደረበት መሬት ለም እንደሚሆን፣ በአሮጌ በረት ቦታ ላይ የተዘራ ገብስ ከሌላው ቀድሞ እንደሚያምር ሽማግሌዎቻችን ያውቃሉ። በጭላሎ፣ በካካና በገለማ ተራሮች ግርጌ ደን በነበረ ጊዜ ምድጃው የሚበላው እንጨት ነበር። እንጨት ለእሳት፣ እበት ለመሬት፤ የሁለቱ ድርሻ አይጋጭም ነበር።

ሰው ሲበዛ፣ እርሻው ወደ ግጦሹና ወደ ደኑ ሲገፋ እንጨት ራቀ። ያኔ እበት ከማሳ ወጥቶ ወደ ምድጃ ሄደ። ይህ የአርሲ ብቻ ታሪክ አይደለም፤ በሰሜን ደጋ አገሮች ቀድሞ የደረሰ ነው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የዓለም ባንክ ባለሙያ የነበሩት ኬኔት ኒውኮምብ የኢትዮጵያን ሁኔታ አጥንተው ነገሩ ደረጃ በደረጃ እንደሚሄድ አሳይተዋል። በመጀመሪያ እንጨት ያንሳል፤ ቀጥሎ ኩበትና አገዳ ይነዳል፤ መሬቱ የሚመለስለት ሲያጣ ምርት ይቀንሳል፤ መኖ ሲያንስ ከብት ይቀንሳል፤ በመጨረሻ የሚነደው ኩበትም ያልቃል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። እበት ሲነድ ለሰብል ዋና ምግብ የሆነው ናይትሮጅን ከጭሱ ጋር ይሄዳል። በአመዱ ውስጥ ሌሎች ማዕድናት ቢቀሩም ናይትሮጅኑና አፈርን የሚያለሰልሰው ብስባሽ አይመለሱም። ስለዚህ አንድ ክምር ኩበት ስናነድ የምናነደው ማገዶ ብቻ አይደለም፤ የመጪውን ዓመት ማዳበሪያም ነው።

ባዶውን ቦታ የሞላው የፋብሪካ ማዳበሪያ ነው። ወደ እኛ አካባቢ በስፋት የገባው እ.ኤ.አ. በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት አሰላን ማዕከል አድርጎ በተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ሁላችንም በአጭር ስሙ «ካዱ» በምንለው ነው። ካዱ ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ በብድር፣ የተዳቀሉ የወተት ላሞችና የቁሉምሳን ምርምር አምጥቷል። የስንዴ አገር የተባልነው በዚያ ሥራ ነው፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ምርቱ ትርፍ ማምጣቱን ያዩ ባለመሬቶች ትራክተር አስገብተው ብዙ ጭሰኞችን ከመሬታቸው አፈናቅለዋል። ግጦሽም ታርሷል። ይህ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ የቀጠለ ቁስል ነው። ምርት ሲጨምር የተጠቀመው ማን ነው፣ የተጎዳውስ ማን ነው ብሎ መጠየቅን ከዚያ ተምረናል።

ከዚያ ወዲህ ማሳችን ከከረጢት ማዳበሪያ ጋር ተሳስሯል። ዋጋው በዓለም ገበያ ሲንር፣ በ2014 ዓ.ም. እንዳየነው፣ ጭንቀቱ ቀጥታ ጓዳችን ይገባል። በዚያው ጊዜ በጓሮ ያለው ማዳበሪያ በምጣድ ሥር ይነድዳል።

የተበጠሰውን ዑደት መልሶ ለመቀጠል የታሰበው መንገድ ባዮጋዝ ነው። ወደ አገራችን የገባው በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት ነው። ለአሥርተ ዓመታት በየቦታው የተሠሩት ጉድጓዶች ወደ 1000 ቢጠጉ ነው፤ ከእነርሱም 40 በመቶ ያህሉ ሥራ አቁመው እንደነበር የአገር አቀፉ ፕሮግራም ሲታቀድ የተደረገው ጥናት አመልክቷል። በ2001 ዓ.ም. ግድም በኔዘርላንድስ ድርጅቶች ድጋፍ የብሔራዊ ባዮጋዝ ፕሮግራም ኦሮሚያን ጨምሮ በአራት ክልሎች ተጀመረ። «ስንዱ» የተባለው ጉድጓድ ከኔፓል ንድፍ ተወስዶ ለአገራችን እንዲስማማ የተሻሻለ ነው። በመጀመሪያው ዙር 14000 ለመሥራት ታቅዶ ከ8000 በላይ ተሠርቷል።

አሠራሩ ለጠላ ጠማቂ አይከብድም፤ እንደ ድፍድፍ ነው። እበት ከእኩል ውሃ ጋር ተበጥብጦ አየር በማይገባው የተቀበረ ጉድጓድ ይገባል። በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት ያብላሉታል። የሚወጣው ጋዝ በቱቦ ወደ ምድጃና ወደ መብራት ይሄዳል፤ ጭስ የለውም። ዝቃጩ ደግሞ በሌላ በኩል ይወጣል። ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው፦ እሳቱን ወስደን ናይትሮጅኑ በዝቃጩ ውስጥ ይቀርልናል። ከጭድ ጋር ተደባልቆ፣ ከፀሐይና ከዝናብ ተሸፍኖ ከተያዘ ማሳ ይገባል። አንዱ እበት ሁለት ጊዜ ሠራ ማለት ነው።

ታዲያ ያ ሁሉ ጉድጓድ ለምን ቆመ? መልሱ በአብዛኛው የሴት ሥራ ውስጥ ነው። 6 ሜትር ኩብ የሚሆን ጉድጓድ በቀን ከ30 እስከ 45 ኪሎ እበት ይፈልጋል፤ ያንኑ ያህል ውሃም ይፈልጋል። ውሃው ሩቅ ከሆነ ከማገዶ ሸክም ወደ ጀሪካን ሸክም መሻገር ነው። ቢያንስ አራት ከብት ቤት ማደር አለባቸው፤ ስለዚህ ላም የሌላት እህታችን ከመጀመሪያውም ከዕቅዱ ውጭ ናት። ብርዳችንም ነገሩን ያዘገየዋል፤ ሕዋሳቱ ሙቀት ይወዳሉና በክረምት ጋዙ ይቀንሳል። ከሁሉ በላይ ግን ምጣዱ አለ። በኢትዮጵያ ቤት ከሚነደው ማገዶ ከግማሽ በላይ የሚሄደው ለእንጀራ ነው። ቀድሞ የመጡት የባዮጋዝ ምድጃዎች ግን ቡናና ወጥ የሚችሉ እንጂ ምጣድ የሚያግሉ አልነበሩም። የባዮጋዝ ምጣድ የታሰበው ዘግይቶ ነው። እንጀራ ጋጋሪዋ አስቀድማ ተጠይቃ ቢሆን ኖሮ ሥራው ከምጣድ ይጀመር ነበር።

ከሲሚንቶና ከቀይ አሸዋ የሚሠራው «ምርጥ» ምድጃ በተቃራኒው ከምጣድ ነው የተነሳው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ላም አይጠይቅም፤ ሴቶች ራሳቸው አምርተው ይሸጡታል። በምድጃው የተረፈ እያንዳንዱ ኩበት ወደ ጓሮ ሊመለስ ይችላል። ዑደት በአንድ ትልቅ ጉድጓድ ብቻ አይዘጋም።

ይህን ታሪክ የጻፍነው በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ የቁጠባችንን ገንዘብ በምን ላይ እንደምናውል ስለምንነጋገር ነው። ሦስት ነገሮችን ይዘን እንግባ። አንደኛ፣ ጉድጓድ የሚሠራው ውሃና ከብት ባለበት ቤት ይሁን፤ ላም ለሌላት አባል ደግሞ የምድጃ ብድር ይቅደም፤ ድርሻዋ ከማንም አይነስ። ሁለተኛ፣ ቱቦና ምድጃ የምትጠግን ከመካከላችን የሠለጠነች ሴት ትኑር፤ የቆሙት ጉድጓዶች ያስተማሩን ግንባታ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ሦስተኛ፣ ዝቃጩ የማን እንደሆነ ከወዲሁ ይነገር። እበቱን ያነሳችውና ውሃውን የቀዳችው ሴት ከማሳው ምርት ድርሻዋን ካላገኘች፣ ዑደቱ ለመሬቱ ተዘግቶ ለእርሷ ክፍት ይቀራል።

ለሚረዱን ወዳጆቻችንም የምንለው ይኸው ነው። ስንት ጉድጓድ ተሠራ ብላችሁ ስትጠይቁን፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ስንቱ ይነዳል፣ ስንቱስ እንጀራ ይጋግራል ብላችሁም ጠይቁን። ለዚያ ጥያቄ መልስ ይዘን ለመቅረብ እንፈልጋለን።