የዝሆን ጥርስ ጉልበት

ጋምቤላ የባሮ ወደብ በነበረችበት ዘመን፣ ከቡናው ጋር የዝሆን ጥርስም በጀልባ ወደ ሱዳን ይወርድ ነበር። በዝሆን ጥርስ ጉልበት ይሠራል ቢባል ማን ያምናል? ግን ተሠርቷል። ቴሚስቶክለስ ግሉክ የተባለው ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1890 በርሊን ላይ፣ ነቀርሳ የበላውን ጉልበት በዝሆን ጥርስ ተካ። በኋላ ግን ቁስሉ አመርቅዞ ሙከራው ከሸፈ። የዛሬው የብረትና የፕላስቲክ ጉልበት የመጣው ከሰባ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ከጉልበቱ ጋር አልጋውም ተለወጠ። ድሮ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ለረጅም ጊዜ ይተኛ ነበር፤ ዛሬ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ በምርኩዝ ያቆሙታል። የተኛ እግር ደም ይረጋበታል፤ ያልታጠፈ ጉልበትም ይደርቃል።

እኛስ? ጠያቂው ሁሉ «በሞቴ አይነሱ!» ባይ ነው። እንበል፣ አንድ አባት አዲስ ጉልበት አስገብተው ኒውላንድ ቤታቸው ገቡ። በርጩማው ይቅርና ከፍ ያለ ወንበር ይሰጣቸው። ሐኪማቸው ባዘዘው ልክ ጉልበታቸውን ያጥፉ፣ ይዘርጉ፤ ፀሐይዋ ሳትከር እስከ ጎረቤት ደጃፍ ደርሰው ይመለሱ። ባታቸው ድንገት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው ግን ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ነው።

ማዘን ደግ ነው። ብቻ ውሃውን አልጋቸው ድረስ ከምንወስድላቸው፣ ክንዳቸውን ደግፈን እስከ እንስራው እናድርሳቸው።