ስንቅና ትጥቅ፦ የወታደር ሸክም በማን ጫንቃ ላይ ነበር?

የጦርነት ታሪክ ሲጻፍ በመጀመሪያ የሚነገረው የጦር አለቆች ስም፥ ቀጥሎም የድልና የሽንፈት ቀን ነው። ወታደሩ ጥይቱን በምን እንደ ያዘ፥ ስንቁን በምን እንደ ቋጠረ፥ ውሃውንም በምን እንደ ተሸከመ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ሠራዊት የሚሰነብተው በስንቁ፥ የሚዋጋውም በትጥቁ ስለ ሆነ፥ ይህ ጥቃቅን የሚመስለው ነገር ሲመረመር በመንግሥትና በሕዝብ መካከል የነበረውን ግንኙነት የሚገልጥ ሆኖ እናገኘዋለን።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው አንድ ክርክር ነው። ይኸውም፥ ወታደር ሁሉ መንግሥት በአንድ መልክ አሠርቶ የሚያድለውን ትጥቅ ቢይዝ ይሻላል ወይስ እያንዳንዱ እንደ አካሉና እንደ ሥራው አስማምቶ ቢታጠቅ ይሻላል የሚለው ነው። ጥያቄው የዘመናዊ ሠራዊት ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን በአገራችን ታሪክ ውስጥ ረዥም ሥር አለው።

ይህን የምንጽፈው ከአምደወርቅ ነውና ምሳሌያችንን ከዋግ እንጀምር። ዋግ ገደሉ የበዛ፥ መንገዱ አቀበትና ቁልቁለት የሆነ፥ ከደጋው ብርድ ተነሥቶ እስከ ተከዜ ቆላ የሚወርድ አገር ነው። ሰቆጣም በ19ኛው ምዕት ዓመት የታወቀች የአሞሌ ጨው ገበያ ስለ ነበረች፥ ከአፋር በረሃ የሚመጣው ጨው በበቅሎና በአህያ እየተጫነ በእርሷ በኩል ወደ ሌላው አገር ይተላለፍ ነበር። እንዲህ ባለ መንገድ የሚኖር ሰው የሸክምን ሕግ ከመጽሐፍ አይማረውም። ጭነቱ በሁለት ጎን እኩል ካልተመዘነ ከብቱን ያቆስላል፤ በቁልቁለት ላይ ወደ ፊት ከተንሸራተተ ከብቱንም ጭነቱንም ገደል ይከታል፤ ለአንዱ በቅሎ የተስማማው አጫጫን ለሌላው አይስማማም። ይህን የሚያውቅ ነጋዴና ገበሬ ክተት ሲታወጅ ዘማች ሲሆን፥ የራሱንም ሸክም በዚሁ ዕውቀት ያሰናዳ ነበር።

በጥንቱ ሥርዓት ዘማች ትጥቁን የሚያበጀው ራሱ ነበር። ዝናሩን በወገቡ ልክ ያሰፋል፤ ጎራዴውን በቀኝ ጎኑ ይታጠቃል፤ ጠመንጃ ያለው ጠመንጃውን በትከሻው፥ የሌለው ጦሩንና ጋሻውን ይይዛል። ስንቁም በሶ፥ ቆሎ፥ ዳቦ ቆሎ፥ ድርቆሽና ቋንጣ ሆኖ በስልቻና በአቁማዳ ይቋጠራል፤ ውሃውም በቅል ይያዛል። እነዚህ ምግቦች የተመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ሁሉም ደረቅና ቀላል ናቸው፤ ቶሎ አይበላሹም፤ በሶም ቢሆን ጥቂት ውሃ ካገኘ እሳት ሳይነድበት ይበላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ዘማች እንደ ቁመቱ፥ እንደ ጉልበቱና እንደ መንገዱ ያሰናዳው ትጥቅ ነበረው ለማለት እንችላለን።

ነገር ግን ይህ ነፃነት ዋጋ ነበረው። ሰውየው በገላው የሚሸከመው ቀላል ሊሆን የቻለው፥ ከባዱን ሌላ ስለ ተሸከመለት ነው። ከሠራዊቱ ኋላ በቅሎና አህያ፥ ምጣድ የተሸከሙ እንጀራ ጋጋሪዎች፥ ጋሻ ጃግሬዎች፥ ባሪያዎች፥ ሚስቶችና ልጆች ይከተሉ ነበር። ስንቅም ባለቀ ጊዜ ሸክሙ ጦሩ በሚያልፍበት አገር ባላገር ላይ ይወድቃል። ጎተራው ይከፈታል፤ በሬው ይታረዳል፤ ቤቱም የወታደር ማደሪያ ይሆናል። ዐፄ ቴዎድሮስ ለወታደሩ ደመወዝ ሰጥተው ዝርፊያን ለመከልከል የሞከሩት፥ ዐፄ ምኒልክም አሥራት እንዲሰበሰብ አድርገው የወታደር ቀለብ ከዚያ እንዲወጣና ባላገሩ ከወታደር ማደሪያነት እንዲያርፍ የደነገጉት ይህን ችግር አይተው ነው። በጥንቷ ሮማም ጋይዮስ ማርዮስ የተባለው የጦር አለቃ የጓዙን ብዛት ለመቀነስ ወታደሩ ዕቃውን ራሱ እንዲሸከም ስላደረገ፥ ወታደሮቹ «የማርዮስ በቅሎዎች» ተብለው ነበር። በእኛ ዘንድ ግን በቅሎው በእውነት በቅሎ፥ አለዚያም ባላገሩ ነበር።

የዐድዋ ዘመቻ የዚህን ሥርዓት ኃይልና ድካም አንድ ላይ ያሳያል። በ1888 ዓ. ም. ከልዩ ልዩ አውራጃ የተነሣው ጦር፥ የዋግሹም ጓንጉል ሠራዊትም ጭምር፥ ያለ መኪናና ያለ ባቡር በእግሩ ተጉዞ ትግራይ ደረሰ። እያንዳንዱ ስንቁን ይዞ ባይነሣ ኖሮ ይህን ያህል ሕዝብ ከዚያ ለማድረስ የሚችል ግምጃ ቤት አልነበረም። ሆኖም የካቲት 23 ቀን ውጊያው ሲጀመር ከሠራዊቱ ብዙው ቀለብ ፍለጋ ወጥቶ ነበር። በሁለቱም ወገን ስንቅ ተመናምኖ ስለ ነበረ፥ ጠላት ያን ዕለት ባይመጣ ጦሩ እዚያው ብዙ ቀን ለመሰንበት ባልቻለም ነበር። ድሉን ያገኘነው በጀግንነት ነው፤ ስንቁ ግን ጀግንነቱን በቀን ቆጥሮ ይዞት ነበር።

ከዐድዋ አርባ ዓመት በኋላ ሁኔታው ተለወጠ። በ1928 ዓ. ም. የዘመተው ጦር አብዛኛው እንደ ጥንቱ በየራሱ ስንቅና ትጥቅ የወጣ ሲሆን፥ የክቡር ዘበኛ ጦር ግን በቤልጅግ መኮንኖች ሠልጥኖ አንድ ዓይነት ልብስና ትጥቅ ይዞ ነበር። ጠላት ከሰማይ ሲመጣ ረዥሙ የጓዝ ሰልፍና ነጩ ሸማ ለአውሮፕላን ምልክት ሆኑ። ከዚያ ወዲህ በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን ጓዝ የማይጎትት ትጥቅ አስፈለገ። አርበኛው ከጠላት የማረከውን ዝናርና የውሃ ኮዳ ከራሱ ስልቻ ጋር አዋሕዶ ታጠቀ፤ ስንቁንም ሴቶችና የውስጥ አርበኞች በድብቅ አደረሱለት። በዋግና በላስታ ሕዝቡን አስነሥተው የተዋጉት ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በመስከረም 1930 ዓ. ም. ሲገደሉ ጠላት ራሳቸውን ቆርጦ ለሕዝብ ማስፈራሪያ አደረገው። እንዲህ ያለው ቅጣት በአርበኛው ብቻ ሳይቀር አርበኛውን በሚቀልበው ባላገር ላይም ይወርድ ነበርና፥ አሁንም የሸክሙ ተካፋይ ሕዝቡ መሆኑን እናያለን።

በአውሮፓ በኩል ደግሞ አንድ ዓይነት ትጥቅ የማደል ሥራ በሳይንስ ተመርቶ ነበር። እንግሊዞች በደቡብ አፍሪካ ከቦዌሮች ጋር ካደረጉት ጦርነት በኋላ የቆዳ ትጥቃቸው ጉድለት እንዳለበት ስለ ተረዱ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1908 ከጥጥ በጥብቅ የተሠራ ትጥቅ አወጡ። በዚህ ትጥቅ 150 ጥይት በፊት፥ ዕቃው በጀርባ እየተመዛዘነ ይያዛል፤ ሁሉም አንድ ላይ ተያይዞ እንደ ኮት ይለበሳል፥ ይወልቃልም። የዋጉ ጫኝ ስለ በቅሎ የሚያውቀውን የሚዛን ሕግ እነርሱ በሰው ጀርባ ላይ ሠሩበት። ነገር ግን ጥሩ ትጥቅ ብዙ መጫንን አስከተለ። እ. ኤ. አ. በ1916 በሶም ውጊያ የእንግሊዝ እግረኛ 30 ኪሎ ግራም ያህል ተሸክሞ ወደ ጠላት ምሽግ እንዲሄድ ታዘዘ።

ለእኛ አገር ወታደር አንድ ዓይነት ትጥቅ በሙሉ የተገለጠው በኮሪያ ነው። በሌተናል ኮሎኔል ተሾመ ዕርገቱ የሚመራው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ. ም. ፑሳን ሲደርስ የአሜሪካ መሣሪያና ትጥቅ ተሰጥቶት ሠለጠነበት። የኤም ዋን ጠመንጃ ጥይት ስምንት ስምንት ሆኖ በአንድ ማቀፊያ ይያዛል፤ ዝናሩም አሥር ኪስ ስላለው 80 ጥይት ይይዛል። የአንዱ ጥይት ቢያልቅ ከጓደኛው የሚቀበለው በትክክል ይገጥምለታል፤ በጨለማም እጁ ሳይፈልግ ያገኘዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፤ ያ ወታደር ለቀለቡ የማንንም ባላገር ጎተራ አላስከፈተም።

ከዚያ በኋላ የዓለም ሠራዊቶች ሁለቱን መንገድ ለማስታረቅ ሞከሩ። አሜሪካኖች እ. ኤ. አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ «ሞሊ» የተባለውን ትጥቅ አወጡ። በልብሱና በቦርሳው ላይ ጠባብ ቀበቶ የመሰለ ጥብቅ ጨርቅ በመደዳ ተሰፍቶበታል፤ ወታደሩም የጥይቱን፥ የውሃውንና የሬዲዮውን ኪስ እንደ ሥራው በፈለገበት ስፍራ ይሰካል። ግራኝ እንደ ግራኝነቱ፥ የቁስል ሐኪሙም እንደ ሙያው ይታጠቃል። መንግሥት የሚያድለው አንድ ዓይነት ነው፤ አቀማመጡ ግን የሰውየው ነው። ይሁን እንጂ በዚህም ላይ ገደብ ያስፈልጋል። የቆሰለ ወታደር ፋሻው የት እንዳለ ጓደኛው ሳይጠይቅ ሊያውቅ ይገባዋልና፥ የፋሻው ስፍራ በአንድ ጓድ ውስጥ አንድ እንዲሆን ማድረግ ይበጃል። ባዶ ስፍራ ያየ ወታደርም ኪስ መጨመር ይወዳል፤ የጨመረውን ሁሉ ግን ዳገቱ ላይ ያገኘዋል።

እንግዲህ ፍርዱ ምንድን ነው? የጥንቱ ዘማች ትጥቁን ከአካሉ ማስማማቱ መልካም ነበር፤ ዛሬም የሚፈለገው ጥበብ ይኸው ነው። የጎደለው ጥበቡ ሳይሆን ከኋላው የሚቆም ግምጃ ቤት ነው። ሰው እንደ ፈቀደ ሊታጠቅ የሚገባው የሚታጠቀው ነገር በቂ ሆኖ ሲቀርብለት ነው፤ አለዚያ የእርሱ ነፃነት የሌላው ሸክም ይሆናል። ስለዚህ የአንድን ሠራዊት ትጥቅ ለመመዘን የምንፈልግ ሁሉ፥ ተማሪም ብንሆን አስተማሪ፥ ሹምም ብንሆን ጸሐፊ፥ ወታደሩ ምን እንደ ተሸከመ ብቻ አንጠይቅ፤ እርሱ ያልተሸከመውን ማን እንደ ተሸከመለት እንጠይቅ። የአገርን ታሪክ በሙሉ የሚናገረው ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ነው።