ባለ ድርብ ፊደሏ የሊንከን ሳንቲም

በ1955 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) አሜሪካ ውስጥ ከመሸጫ ማሽን ሲጋራ የሚገዛ ሰው ባለ 25 ሳንቲሙን ይከታል፤ የፓኮው ዋጋ ግን 23 ሳንቲም ነበር። ማሽኑ መልስ ቆጥሮ ስለማይሰጥ ሁለቱ ሳንቲም አስቀድሞ በፓኮው ላይ ከሚጠቀለለው ስስ ላስቲክ ሥር ይገባል። ኒው ዮርክ ግዛትና ምዕራብ ማሳቹሴትስ ውስጥ መልሳቸውን አገላብጠው ያዩ አጫሾች አንድ ነገር ግር አላቸው። በሳንቲሙ ላይ ካለው የፕሬዚዳንት ሊንከን ምስል ጎን የተጻፈው ዓመት፣ ከራሱ በላይ ያለው ጽሑፍ፣ “ነጻነት” የሚለው ቃል ሳይቀር ሁሉም ድርብ ነው። ሰክሮ የሚያይ ሰው የሚያየውን ይመስላል።

ጥፋቱ የተሠራው ፊላደልፊያ ባለው የሳንቲም ማተሚያ ቤት ነው። ሳንቲም የሚታተመው ምስሉ ተገልብጦ በተቀረጸበት ጠንካራ ብረት ሲሆን፣ ይህ ማተሚያ ብረት ራሱ ምስሉን የሚያገኘው አውራ ቅርጹ በከባድ ኃይል ሲጫነው ነው። በዚያ ዘመን አንድ ጭነት አይበቃም ነበር። ብረቱ ሲጫኑት ይጠነክራል፤ ስለዚህ እቶን ገብቶ ይለሰልስና ተመልሶ ይጫናል። ሁለተኛው ጭነት ከመጀመሪያው ጋር ልክ መግጠም አለበት። የ1955ቱ ብረት ግን ዞር ብሎ ተቀመጠ፤ በመጀመሪያው ምስል ላይ ሌላ ምስል ተደረበበት። ዙረቱ ከመሃል ርቆ ወደ ጠርዝ በሄደ ቁጥር ስለሚሰፋ ጽሑፎቹና ዓመቱ በግልጽ ሲደረቡ፣ መሃል ላይ ያለው የሊንከን ፊት ግን ደህና መሰለ።

እንደሚነገረው ስህተቱ እስኪታወቅ ድረስ ያ ብረት ከ40,000 በላይ ሳንቲሞች አትሟል። ከእነዚህ ከ20,000 በላይ የሚሆኑት 10 ሚሊዮን ገደማ ከሆኑ ሌሎች ሳንቲሞች ጋር ተቀላቅለው ነበር። የኃላፊዎቹ ስሌት ቀላል ነው፦ ለእነዚያ ጥቂቶች ሲባል ክምሩን ሁሉ ማቅለጥ አያዋጣም፤ ስለዚህ ለቀቋቸው። ያን ቀን ጥንቃቄ ቢያሸንፍ ኖሮ ዛሬ የሚወራ ነገር አይኖርም ነበር።

ሰብሳቢዎች አንድን ስህተት የሚመዝኑት ከምን እንደመጣ አይተው ነው። ማተሚያው ማሽን ውስጥ ተንሸራትቶ የተበላሸ አንድ ሳንቲም ብቻውን የቀረ ጉድ ነው። የማተሚያው ብረት ጥፋት ግን ከሥሩ በወጣው ሳንቲም ሁሉ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ስለሚደገም ስምና ታሪክ ያለው ዝርያ ይወልዳል። በ1955 ከተሠሩት መካከል ብረቱ በማርጀቱ ብቻ ዓመቱ የደበዘዘና የተነፋ የሚመስልባቸውም አሉ። ሰብሳቢዎች እነዚህን “የድሃ ድርብ” ይሏቸዋል፤ ዋጋቸውም እንደ ስማቸው ነው።

እውነተኛዋ ድርብ ብዙ እጅ የዳሰሳትም ብትሆን ከ1,000 ዶላር በላይ ታወጣለች። ይህ ደግሞ አስመሳዮችን ጠርቷል። አዋቂ ገዢ ታዲያ የድርቡን ፊት ብቻ አያምንም፤ ገልብጦ በጀርባዋ “ዋን ሴንት” ከሚለው ጽሑፍ ቲ ፊደል አጠገብ ስስ ጭረት ይፈልጋል። የጀርባዋም ማተሚያ ብረት ተጭሮ ነበርና አንዱ ጉድለት ለሌላው ምስክር ሆኗል።

ሌሎቹም ዝነኛ ባለ ስህተት ሳንቲሞች የየራሳቸው አደጋ ልጆች ናቸው። በ1937 ዴንቨር ውስጥ በማተሚያ ብረት ላይ ያለ ጉዳት ለማጥፋት ብረቱ ከልክ በላይ ተሞረደ፤ በባለ አምስት ሳንቲሙ ላይ ያለው ጎሽም አንድ የፊት እግሩን አጥቶ በሦስት እግር ቀረ። በ1969 ሳን ፍራንሲስኮ የወጡት ድርቦች ደግሞ የባሰ ገጠማቸው። ሐሰተኛ ገንዘብ የሚያሳድደው ሲክሬት ሰርቪስ ፎርጅድ ናቸው ብሎ አንዳንዶቹን ወረሰ።

በ1990ዎቹ ፊላደልፊያ በአንድ ጭነት የሚጨርስ ማሽን አስገባ፤ ድርብ የሚባል ነገር ያበቃለት መሰለ። አዲሱ ማሽንም ቢሆን ብረቱ ዘመም ብሎ ሲቀመጥ ይሳሳታል። አሁን ግን ድርቡ የሚታየው በጠርዝ ሳይሆን መሃል አካባቢ ነው። በ2009 የሊንከን 200ኛ ዓመት ልደት ሲከበር ከወጡት ሳንቲሞች አንዱ፣ ወጣቱን ሊንከን ግንድ ላይ ተቀምጦ መጽሐፍ ሲያነብ ያሳያል። አጉሊ መነጽር ይዘው የተቀመጡ ሰብሳቢዎች በአንዳንዶቹ ላይ መጽሐፉን በያዘው እጁ ትርፍ ጣት ቆጥረዋል።